ሦስት ሳህን መረቅ

በእኛ መንደር ልጅ ለሌላ ቤት ከመሰጠቱ በፊት በደንብ ይበላ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሳዮ የጎረቤታችን ልጅና እኩያዬ ነበረች። በጸደይ አባቷ አዲስ ሰማያዊ ኪሞኖ አለበሳትና «ኦሳካ ወስጄ እንደ ልብሽ አበላሻለሁ» ብሎ በመርከብ ይዟት ሄደ። ሲመለስ ብቻውን ነበር። እናቷ በር ላይ ቆማ ምን ምን እንደበላች ጠየቀችው፤ እሱም አንድ በአንድ ነገራት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሳዮ ስም አልተነሣም። ልጅ ላልወለደ የጨርቅ ነጋዴ ተሰጥታ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ አባቴ ከሩዝ ሳህኑ ቀና ብሎ «ቶኪ፣ ኦሳካ ሄደን ሁለት ቀን ዘና ብለን እንምጣ። ያማረሽን ትበያለሽ» ሲለኝ ሩዜን ሳልጨርስ ሳህኔን አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሌላ ልጅ ብትሆን በደስታ ትዘል ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ ነገሩን ሁሉ ገጣጥሜዋለሁ። የአባቴን ጀልባ ያለፈው መኸር አውሎ ነፋስ ከድንጋይ ጋር አላትሞ ሰባብሯታል። እናቴም በብርዱ ወራት በትኩሳት ተኝታ ከተነሣች ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ዓሣው አጠገቧ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ብላ ልብስ ትጥፋለች። ሾርባው ላይ ጨው ጨምራ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጨምራለች። አባቴ ያንን ጨው አንገቱን ደፍቶ ያለ አንዲት ቃል ይጠጣዋል። ሐሳቧ ቤት ውስጥ የለም እል ነበር። የት እንደሄደም ያወቅሁ መስሎኝ ነበር፦ እኔን ለማን እንደምትሰጥ እያሰበች ነው።

መርከቡ ላይ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ወላጆቼ በላዬ ላይ በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር።

«ሕፃን ናት እኮ። ትችለዋለች?» አለ አባቴ።

«ከእኔ ትሻላለች። እሜቴ ካሜ ፊት ቀርባ ትናገር እንጂ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«አሳዘነችኝ። ምኑንም ሳታውቅ።»

«ካወቀችማ ፊቷ ያሳብቅባታል። ደግሞስ ሌላ ምን አለን?»

ዛሬ ሰማንያ አልፎኝም ያንን ወሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አንዲት ቃል አልሳትኩም። የሳትኩት ነገሩን ነው።

እሜቴ ካሜን በስም አውቃቸው ነበር። እናቴ ገና ልጃገረድ ሳለች ሰባት ዓመት ኦሳካ በሚገኘው የኡዶን ቤታቸው ሠርታለች። ኡዶን ያው ወፍራሙ የስንዴ ሊጥ ነው፤ እንደ ገመድ ተቆርጦ በመረቅ ይቀርባል። እሜቴ ካሜ ባል ሞቶባቸው ልጅ ሳይወልዱ አርጅተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ልጅ የላቸውም። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። መርከቡ ኦሳካ ሳይደርስ መላዬን ጨረስኩ፦ ማንም ሊወስደኝ የማይፈልግ ልጅ እሆናለሁ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ መንገድ ዳር ኦክቶፐስ በሊጥ እያድቦለቦለ የሚጠብስ ሰውዬ ጋ ነበር። ብረቱ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሰውዬው በወስፌ ጫፍ ገልበጥ ሲያደርጋቸው ግማሽ ጨረቃው ሙሉ ይሆናል። ገዝተው በእጄ ሰጡኝ፤ እነሱ ግን አልበሉም። ሁለቱም ፊት ለፊቴ ቆመው አፌን ያያሉ።

እናቴ ጎንበስ አለችና «ምን ምን ይላል? ሊጡ ውስጥ መረቅ አለበት? ዝንጅብሉ ኮምጣጣ ነው ወይስ ጥሬ?» አለችኝ።

ሊጡ በመረቅ ተለውሷል፤ ዝንጅብሉ ኮምጣጣና ቀይ ነው፤ መረቁ ከትንንሽ ደረቅ ዓሣ የወጣ ነው። ይህን ሁሉ ምላሴ ገና ሳልውጠው ነግሮኛል። በዚህስ ማንም አያማኝም፤ ስወለድም ምላሴ እንዲሁ ነው።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አልኩ።

ሰውዬው ወስፌውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። «ወይ ጉድ፣ የጭቃውን ጣዕም የምታውቅ ልጅ መጣችልኝ» አለና ወረፋ የያዙት ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ። እኔም ይኸው ሠራልኝ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥጋ በቀርከሃ ስንጥር ሰክተው በዘይት የሚጠብሱበት ጠባብ ቤት ገባን። ስጎው በአንድ ጎድጓዳ ዕቃ ለሁሉም መሐል ላይ ተቀምጧል። ሕጉን የሦስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል፦ ሳትነክስ አንዴ ትነክራለህ፤ ከነከስክ በኋላ እጅህን ከዚያ ዕቃ ታርቃለህ፤ የአፍህን ለሌላ ሰው አታጎርስም። እኔ ስንጥሬን ነከርኩ፣ ነከስኩ፣ አላመጥኩ። ከዚያ ሁሉም እያየኝ የተነከሰውን መልሼ እስከ እጀታው ከተትኩት።

አጠገቤ የነበረው አናጢ ስንጥሩን አስቀመጠ። ባለቤቱ ዕቃውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጓሮ ወሰደው፤ ስጎው ሲደፋ ድምፁ ተሰማ። ተመልሶ አባቴን ብቻ አየው።

«ልጅህ ናት?»

«ልጄ ናት ወንድሜ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባቴ፤ ግንባሩ ጠረጴዛውን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አንገቱ ላይ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ እንደ ቀይ ገመድ ተገተረ።

ውጭ ስንወጣ ጥፊ ጠበቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን አዘጋጀሁለት። እሱ ግን እንደ ጓደኛ አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ ቀስ ብሎ፣ «ዘይቱ እንዴት ነበር? አሮጌ ነው አዲስ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ። ልጁን ሊቆጣ የማይችል አባት እየተሰናበተ ያለ አባት ነው ብዬ አመንኩ።

«አላውቅም» አልኩት። አባቴ ተነሥቶ እናቴን አያት፤ እሷም አየችው። አደባባይ መሐል ያ ሁሉ ሰው እየገፋቸው ሲያልፍ እነሱ ፈዘው ቆሙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቤቱ ለገበያ ሳይከፈት፣ እሜቴ ካሜ ዘንድ ቀረብን። ቁመታቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ክንዳቸው ግን ድስት ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይቺ ናት ያንቺ? አጥንቷ ብቻ። መንደራችሁ ዓሣ አልቋል እንዴ?»

እናቴ ለወጉ ያህል ፈገግ አለች። እሜቴ ካሜ ከመደርደሪያው የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ አውርደው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ስፌቱ ትናንት አለቀ። ብቻ መጀመሪያ እንያት» አሉ።

ሰማያዊ፣ አዲስ፣ የታጠፈ። የሳዮ ኪሞኖ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

ያ ጨርቅ ኪሞኖ አልነበረም፤ የበር መጋረጃ ነበር። በእኛ ሙያ አሳዳሪ ያሠለጠነችውን ሠራተኛ ስታከብር የቤቷ ስም የተጻፈበት መጋረጃ ትሰጣታለች፤ ያ ማለት በስሜ ቤት ክፈቺ፣ ተከብረሽ ኑሪ ማለት ነው። በገንዘብ አይገዛም። መረቁም አብሮ ይሰጣል፤ መረቁ ግን ልኬት ስለሌለው በምላስ ነው የሚወረሰው። እሜቴ ካሜ መጋረጃውን ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ሳህን መረቅ ያቀርባሉ፤ አንዱ የቤቱ ነው፣ ሁለቱ ሆን ተብለው የተበላሹ። የቤቱን መርጣ ያወጣች መጋረጃውን ይዛ ትሄዳለች። ጀልባ ለሌለው ሰው ያ መጋረጃ እንጀራ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። «እንያት» የተባለችው እኔ ነኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ እሳቸው ግን መረቋን እንያት ማለታቸው ነበር።

ሦስቱ ሳህኖች ቀረቡ። እናቴ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ልጄ ትቅመስ እስቲ መጀመሪያ፤ የልጅ ምላስ ንጹሕ ነው» አለች።

እሜቴ ካሜ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «ደስ እንዳላት» አሉ።

የመጀመሪያውን ቀመስኩ። መረቁ የሚወጣበት የባሕር ቅጠል ከእሳት ሳይወጣ ፈልቶ መጨረሻው ላይ ይመራል። ሦስተኛው የደረቀው ዓሣ ፍቅፋቂ እንደ ጨርቅ ተጨምቆ የገባበት ነው፤ አፍንጫ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ግን ጉሮሮዬን አልፎ ከሄደ በኋላ፣ አለቀ ስል፣ ተመልሶ መጣ። እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም ነበር። ሌላ ለመጨለፍ እጄ በራሱ ተነሣ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

የእናቴ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ ነበር። ጨመቅ አደረገችኝ። ልትገላገለኝ ቸኩላ ነው አልኩ።

«የመጀመሪያው» አልኩ።

እናቴ ሦስቱንም ተራ በተራ ቀመሰች፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ባለሙያ። ሳህኑን አስቀመጠችና፣ «ልጄ ልክ ናት። የመጀመሪያው ነው» አለች።

ከበስተኋላ የድስቱ ክዳን ሲንጣጣ ይሰማል። እሜቴ ካሜ እናቴን አይተው አይተው ጠገቡ።

«ሺጌኖ፣ ሰባት ዓመት ከጎኔ ቆመሻል። ያንን ሳህን ድመቴ ትለየዋለች።» ሰማያዊውን ጨርቅ መልሰው ከመደርደሪያው ላይ አኖሩት። «መርከቡ እንዳያመልጣችሁ።»

እኔ ደስ አለኝ። አልደብቅም። መንገዱን በዝላይ ነው የሄድኩት፤ አልወሰዱኝም፣ አልወሰዱኝም እያልኩ በሆዴ። አንዴ ዞር ብዬ ሳይ እናቴ ሬሳ ሸኝታ እንደምትመለስ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትመጣለች። ስለ ቀረሁባት ተናዳ ነው አልኩ። ልቤ ደነደነ።

ወደቡ ላይ አባቴ ቲኬት ሊያመጣ ሄደ። እናቴና እኔ ዕቃ መጫኛ ሳጥን ላይ ተቀመጥን። እናቴ ከቤት ያመጣነውን የሩዝ ድብልብል ከቀርከሃ ቅጠሉ ፈታች። ሁለት ቀን በሙቀት ተጠቅልሎ የዋለ ነው። ገና ገመዱ ሲፈታ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ሩዙ ሲነሣ እንደ ሸረሪት ድር ክር ክር አወጣ። እናቴ ነከሰችው። አላመጠችው። ዋጠችና ደግማ ነከሰች።

«ብይ እንጂ፣ ከጠዋት አልበላሽም» አለችኝ።

«እማ፣ ተበላሽቷል እኮ።»

ማላመጧን አቆመች። ያላመጠችውን አልተፋችም። «ተበላሽቷል?» አለችኝ፣ እንግዳ አገር መንገድ እንደምትጠይቅ ሴት።

«አይሸትሽም?»

የሩዙን ድብልብል ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንዴ፣ ሁለቴ ሳበች። ከዚያ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ከትኩሳቱ ወዲህ ምንም አይሸተኝም ቶኪዬ። አይጥመኝምም። ጨርቅ የማላምጥ ነው የሚመስለኝ። ሰው እንዳይሰማ፣ አንቺም እንዳትፈሪ ብለን ነው ያልነገርንሽ።»

ያረረው ዓሣ። ሁለቴ የገባው ጨው። አፌን ሲያዩ የዋሉት አራት ዓይኖች። ሁሉም ባንዴ ዞሮብኝ መጣ።

«ሁለተኛው ነበር» አልኩ። «አውቄ ነው የዋሸሁት። እንዳትሰጪኝ ብዬ።»

«ለማን ነው የምሰጥሽ?»

«ለእሜቴ ካሜ። እንደ ሳዮ።»

እናቴ አልመታችኝም፣ አላቀፈችኝምም። አንጓዬን ያዘችና ተነሣች፤ ሩዙ ከጭኗ መሬት ወረደ። አባቴ ቲኬቱን ይዞ ሲመጣ ስንሮጥ አገኘን። መርከቡ ጮኸ። አባቴ መርከቡን አየ፣ እኛን አየ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ተከተለን።

እሜቴ ካሜ ደጃቸው ላይ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይረጩ ነበር። ፊታቸው ቆምኩ። ትንፋሽ የለኝም።

«የመጀመሪያው ቅጠሉ ፈልቶ መሮታል። ሦስተኛው ዓሣው ተጨምቆ ይሸታል። ሁለተኛው ነው። ከዋጡት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።»

ጭልፋቸውን ባልዲው ውስጥ አኖሩት። «ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«እንዳይወስዱኝ።»

«አንቺን?» አሉና ደግመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጭቅጭቅ ካማረኝ ድመቴ አለችልኝ።» ከዚያ እኔን ትተው ወደ እናቴ ዞሩ። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከብርዱ ወራት ወዲህ።»

«እኔን ልታታልዪ መጣሽ።»

እናቴ እርጥቡ መንገድ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች። አላስተባበለችም። አባቴም ጫማውን እንደያዘ ከጎኗ ተንበረከከ። የሚያልፈው ሰው እየዞረ ያየናል። እሜቴ ካሜ ገብተው ሄዱ። ቆዩ። ፀሐዩ የተረጨውን ውኃ ከመሬት ሲያደርቀው አየሁ፤ በሩ እንደተዘጋ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ጨርቁን ይዘው ነበር፤ እናቴን አልፈው እኔ ክንድ ላይ አኖሩት። ከባድ ነበር።

«ምላስ የሌለው ሰው የእኔን መጋረጃ አይሰቅልም ሺጌኖ። ይሄ የእሷ ነው። አንቺ እጅ ትሆኛታለሽ።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንቺም ስሚ። ይህ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ማለዳ ከድስቱ አጠገብ አትጠፊም። አንድ ቀን ብትዋሺ የሚቆሽሸው የእኔ ስም ነው።»

«እሺ» አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእሺ ሌላ ምን ታውቃለች።

በመኸር መንደራችን ወደብ ላይ የኡዶን ቤቱን ከፈትን። ማለዳ ዓሣ አጥማጆቹ ከባሕር ሲመለሱ መረቁ መድረስ አለበት፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚከፈተው በማለዳ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ። አስተማሪው ሁለት ጊዜ ሊጠይቅ መጣ። አባቴ ኡዶን አቀረበለት፤ በላ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። እናቴ በየማለዳው ጭልፋውን ወደ አፌ አስጠግታ «እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ ያልኳትን ትሠራለች፤ እስክትሞት ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን አልዋሸሁም። ያልተማረች የሚሉኝ አሉ፤ የሚሉኝ ሳህኔን ልሰው ነው። ቢሆንም እሜቴ ካሜ አልወሰዱኝም ስል ለራሴም አይዋጥልኝም።

ባለፈው መኸር አንዲት መነጽር ያደረገች አሮጊት ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ስታየኝ ቆይታ «ቶኪ አይደለሽም?» አለችኝ። ሳዮ ነበረች። የጨርቅ ነጋዴው እስከ ከፍተኛ ትምህርት አስተምሯት ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጥታለች። ሳህን አቀረብኩላትና ይህን ታሪክ ነገርኳት።

«እኔ ደግሞ እዚያ ቤት ጥሩ ልጅ ሆንኩ» አለች። «ጥሩ ከሆንኩ አባቴ መጥቶ ይመልሰኛል ብዬ።»

ሳህኗን ወደ እሷ አስጠጋሁላት። በላች። ስትጨርስ እንደ ልማዴ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ጨው በዝቶበታል።»

ከሰባ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሂጂልኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ተነሥቼ ከድስቱ ጨለፍኩና ቀመስኩ። ምላሴ ምንም ጨው አላገኘበትም። ደግሜ ቀመስኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ደንበኞቼን አየሁ፤ ሦስት ዓሣ አጥማጆች አንገታቸውን ደፍተው፣ ያለ አንዲት ቃል፣ ልክ እንደ አባቴ ያንን ጨው ይጠጣሉ።

የልጄ ልጅ ናጊሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በማግስቱ ጠራኋት። መጀመሪያ «ማንም የትም አይወስድሽም» አልኳት፤ ምን ነካት ብላ አየችኝ። ከዚያ ነው ጭልፋውን የሰጠኋት። አሁን ቤቴ ማለዳ አይከፈትም። ዓሣ አጥማጆቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። መጋረጃው የሚሰቀለው ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ካስቀመጠች በኋላ ነው።